የግጭ ገብስ

ደባርቅ ውስጥ ጠላ ቤት ለማግኘት ጠቋሚም ካርታም አያስፈልግም። ከአጥር በላይ ብቅ ያለ ቀጭን እንጨት ታያላችሁ፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ወይም አሮጌ ኩባያ ተደፍቷል። ማስታወቂያው ይኸው ነው። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላ ደርሷል፤ ከወረደ አልቋል። ስም የለ፣ መብራት የለ፣ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ እናገለግላለን» የሚል ጽሑፍ የለ።

እኔ ግን ጣሳውን ልብ አላልኩትም ነበር። ጥቅምት 2011 ነው። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።) ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አራት ቀን ሰሜን ተራሮች ላይ ስንወጣ ስንወርድ ከርመን ገና መመለሳችን ነው። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ከዚያ የቧሂት አናት። ከንፈሬ በንፋስ ተሰነጣጥቋል፣ ጉልበቴ ይብረከረካል፣ ሐሳቤ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛ ዳሽን።

አስጎብኛችን ሳቀብን። «ዳሽንንማ ከቧሂት ላይ ሆናችሁ አይታችሁት መጣችሁ። አሁን ደግሞ ልትጠጡት ነው?»

ቀልዱ የቆየ መሆን አለበት፤ ለሁሉም እንግዳ እንደሚናገረው ያስታውቃል። ግን እውነት አለው። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ራስ ደጀን ብለን ነው፣ ከፍታውም 4,620 ሜትር ተብለን። አሁን የሚሰጠው ልክ 4,550 ገደማ ነው፤ ሰባ ሜትር በየመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ጠፍቷል። ፈረንጆቹ ካርታ ላይ «ዳሽን» ብለው ጻፉት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ላይ የተከፈተው ፋብሪካም ያንኑ ስም ወሰደ። በ2006 ደግሞ ሌላ ቢራ ዋልያን ስሙ አድርጎ መጣ። ማለትም የዚህ ተራራ ትልቁ ጫፍም፣ ከዚህ ተራራ ሌላ የትም የማይኖረው እንስሳም፣ ሁለቱም ጠርሙስ ላይ ናቸው። በሁለቱም ቢራዎች ላይ ቂም የለኝም፤ ጠጥቻቸዋለሁ፣ እጠጣቸዋለሁም። ግን ተራራው ራሱ የሚጠምቀው መጠጥ ስም የለውም። ያለው የተደፋ ጣሳ ነው።

«ኑ፤» አለን አስጎብኛችን፣ «እውነተኛውን ላስቀምሳችሁ።»

በቅሎ ነጂያችን አብሮን አልገባም። በቅሎዋን አጥሩ ላይ አስሮ በር ላይ ካለ ድንጋይ ተቀመጠ። ሙስሊም ነው፣ ጠላ አይጠጣም። ከዚህ በላይ ያኔ አላሰብኩበትም።

ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ መደብ ዞሮበታል። ሦስት ሽማግሌዎች ስለ አንድ የድንበር ሙግት ያወራሉ። ባለ ጠላዋ — አስጎብኛችን «እትዬ» ነበር የሚላቸው፣ እኛም እሱን ተከትለን እትዬ አልናቸው — ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ፤ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱ፣ ከዚያ ቀዱልን። ጥቁር ነው፤ የጎንደር ጠላ አሻሮው ጠንከር ተደርጎ ስለሚታመስ ወደ ቡና ያደላል። መጀመሪያ ጭስ ይሸታል፣ ከዚያ የተቆላ ገብስ፣ መጨረሻ ላይ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አያቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ትጠምቅ ነበር። እኔ ግን ሽታው ልብሴ ላይ እንዳይቀር ብዬ በጋኑ በኩል አላልፍም። በኋላ ከተማው ውስጥ በር ላይ «ክራፍት ቢራ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ጊዜ ግን ተሰልፌ ገባሁ። ስለ ብቅሉ፣ ስለ አጠማመቁ፣ ስለ «እጅ ሥራነቱ» አስተናጋጁ ሲያስረዳኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። አያቴ ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ስለዚህ እትዬን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ፈረንጅ ያልሆነ ሰው ይህን መጠየቁ እንዳስገረማቸው ፊታቸው ላይ እየታየ ነገሩኝ።

መጀመሪያ ጋኑ ነው። በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። «ያልታጠነ ጋን ያሾመጥጠዋል፤» አሉ። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ገብሱ ተነክሮ፣ ተሸፍኖ፣ ጭራ ሲያወጣ ደርቆ ይፈጫል፤ ብቅል ማለት ይህ ነው። ቂጣ ይጋገራል፣ ይፈረፈራል፣ ከብቅሉና ከጌሾው ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል። ቀጥሎ አሻሮው፤ የተቆላው እህል ተፈጭቶ፣ በውኃ ርሶ፣ ምጣድ ላይ እንደገና ይታመሳል። ጠላው የሚጠቁረው እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይመረጋል። «አገራችን ብርድ ነው፤ አይቸኮልም። ቸኩሎ የከፈተ ውኃ ይጠጣል።» መጀመሪያ የሚቀዳው ጉሹና ወፍራሙ ነው፤ በላዩ ውኃ ሲጨመርበት ቅራሪ ይሆናል፣ እሱ ለልጅም ለሥራ ቀንም ነው።

ኮረፌም አላቸው። ይህን ከጎንደር ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ቅማንቶች ዘንድ የታወቀ መጠጥ ነው። የተፈተገ ገብስ ሌሊቱን በውኃ ይነከራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከደረቀ ጌሾ ጋር ሸክላ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። እንግዳ ሲመጣ ከድፍድፉ ትንሽ ተጨልፎ ውኃ ይጨመርበታል፣ በማግስቱ ይደርሳል። ስሙ ኩርፊያን ስለሚያስታውሰኝ እኔ በልቤ «ያኮረፈው ወንድም» አልኩት። ወራት ጥግ ተቀምጦ ዝም ይላል፣ ሰው ሲመጣ ግን በአንድ ቀን ይታረቃል።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ ስለ ሰሜን ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ተራራው የተጻፈው ጥንታዊ ነገር የሚጀምረው ከበረዶ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ወንዙን ተሻግሮ፣ በረዶ እስከ ጉልበት በሚደርስበት ተራራ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይፎክራል። በረዶው አለ፣ ገደሉ አለ፣ ድሉ አለ። ሰዎቹ እዚያ ብርድ ላይ ምን ዘርተው፣ ምን ጠምቀው እንደኖሩ አንድ ቃል የለም።

ስለ መጠጡ ያገኘሁት ከሌላ ድንጋይ ነው፤ ከንጉሥ ኢዛና። በ4ኛው መቶ ዘመን የቤጃ ሰዎች ያምፃሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ከአገራቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ይደረጋል። ስድስት አለቆችና 4,400 ሰው። ንጉሡ በመንገድ ምን እንዳበላቸው በኩራት አስቀርጿል፤ ለአራት ወር በየቀኑ 22,000 ዳቦ፣ ሥጋ፣ የወይን ጠጅ፣ በግሪክኛው ቅጂ ላይ ደግሞ «ዚቶስ» ይላል፤ ከእህል የሚጠመቅ መጠጥ። ጠላ ልበለው እንጂ። መጀመሪያ ሳነበው የደነቀኝ የዳቦው ብዛት ነበር። ስለ እህል መጠጥ ከማውቃቸው የአገራችን ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ከአገራቸው ስለተነሡ ሰዎች መሆኑን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

የሰሜን መኳንንትስ? የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ነገር ሳልነግራችሁ ብሄድ ይቆጨኛል። ውቤ የሰሜን ጌታ ነበር፣ ትግራይንም ይዟል። በ1834 ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ተዋጋ፣ አሸነፈም። ራስ አሊ ከጦር ሜዳው ሸሹ፤ ውቤ ድንኳኑ ውስጥ ድሉን ማክበር ጀመረ። እዚያው ፈንጠዝያው ላይ እንዳለ የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ከነልጆቹ ማረከው። አንዳንድ ተራኪዎች ሰክሮ ነበር ይላሉ። የተሸነፈው ሰው እንደሸሸ፣ ያሸነፈው ሰው ታሰረ! በኋላ ቢለቀቅም በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ካሣ ኃይሉ ለመጨረሻ ጊዜ ድል አደረገው፣ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባሠራት በደረስጌ ማርያምም ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ይህን ታሪክ ለሽማግሌዎቹ ባነሣው ኖሮ ከድንበር ሙግታቸው የተሻለ ያጫውታቸው ነበር፤ ግን ያኔ አላውቀውም።

ወደ ጋኑ ልመለስ። እትዬ ቤት ሁለት የሸክላ ጋን ነበር፤ አንዱ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ተጠግኗል። የቀረው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። «ፕላስቲኩ ጭስ አይይዝም፤» አሉ፣ «ግን ጋን የሚሠራ የት አለ?»

ይህችን ጥያቄ እንደ ተራ የኑሮ ውድነት ወሬ ነበር የሰማኋት። አልነበረችም። በጎንደር ዙሪያ ሸክላ መሥራት በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ ነበር። ቤተ እስራኤል በአንድ ዘመን የሰሜን ተራራ ምሽጋቸው ነበር፤ ከነገሥታቱ ጋር ለረጅም ጊዜ ተዋግተው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ተሰበሩ። ርስት የሌለው ሰው መሬቱን ማረስ ሳይሆን ማቡካት ይቀረዋል፤ ሴቶቹ ሸክላ፣ ወንዶቹ ብረት ያዙ። ጎረቤቱም ጋኑን እየገዛ «ቡዳ» ብሎ ሰደባቸው። ዝክሩ፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ የተጠመቀው ዓይናቸው ይበላል እየተባለ በሚፈሩ ሴቶች ጋን ነው። ከዚያ በ1977 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ። ሰማያዊው በርሜል በእነሱ ቦታ የገባ ነው።

ሁለተኛውን ኩባያ ስንጀምር ስለ ገብሱ ጠየቅኋቸው። ገብስ ከተባለ አይቀር፣ ይህ አገር የገብስ አገር ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ኢትዮጵያ መጥቶ የሰበሰበው ዘር በዓይነቱ ብዛት አስደንቆታል። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ሁለት መደዳው፣ ስድስት መደዳው ተቀላቅሎ አንድ ማሳ ላይ ይበቅላል። የቢራ ፋብሪካ ይህን አይወድም፤ እሱ የሚፈልገው አንድ ዓይነት፣ እኩል የሚበቅል፣ እኩል የሚሰባበር ፍሬ ነው። ጠላ ግን ለቅይጡ ግድ የለውም።

«ደጉ የግጭ ገብስ ነበር፤» አሉ እትዬ። «ቀጭን ነው፣ ሲያዩት አያምርም። ብቅሉ ግን ይጣፍጣል። እነሱ እስላሞች ናቸው፣ አይጠጡት፤ እኛ እንጠጣላችኋለን እያልን እንቀልድ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እነሱም እንደኔ ከገበያ ይገዛሉ። ያው ውጭ የተቀመጠውን ልጅ ጠይቂዋ። ከአባቱ ነበር የምገዛው።»

ግጭ ላይ አድረን ነበር። 3,600 ሜትር ገደማ የሚደርስ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ጓሳ ሣር፣ ጅብራ፣ ጠዋት ጠዋት ጭላዳዎች። ወደ እሜት ጎጎ ስንሄድ አንድ ቦታ ላይ በቅሎዋ ቆመች፣ ልጁም ቆመ። የደከመው መስሎኝ እኔም ቆምኩ፣ አካባቢው ስላማረኝም ፎቶ አነሣሁ። ለስለስ ያለ ተረተር፣ ቢጫ ሣር፣ ሰማይ። ሰው የለም፣ ቤት የለም። ደባርቅ ስንደርስ ኔትወርክ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ያን ፎቶ መለጠፍ ነበር። ከሥሩ የጻፍኩት ሁለት ቃል ነው፤ «ያልተነካ ተፈጥሮ»።

ጠላ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ እትዬ የሚሉትን ስሰማ ስልኬ ኪሴ ውስጥ በየደቂቃው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው እየወደደው ነው።

የፓርኩ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ አጠና። ሰሜን በ1962 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነበር፣ ከላሊበላ ጋር። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች እንዲነሡ ተደረገ። በ1989 «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ፤ ከምክንያቶቹ ዋናዎቹ የዋልያ መመናመንና የሰው እርሻና ግጦሽ ነበሩ። በ2008 የግጭ ነዋሪዎች፣ 2,508 ሰው፣ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ውስጥ ቦታና ካሣ ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። በዓመቱ፣ በ2009፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። እኛ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው፤ «አሁን ነው ማየት» ተብለን።

ቀላል ታሪክ የምትፈልጉ ካላችሁ እዚህ ጋ ላሳዝናችሁ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጅንባር ሸለቆን አፈር ሲለካ የደረሰበት ነገር እውነት ነው፤ ዳገቱ ላይ ገብስ እየተዘራ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ነበር፣ ከብቱም ሜዳውን ግጦ ጨርሶታል። ዋልያውም የምር ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አነሣስ «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ይለዋል። አውሮፓ ውስጥ ተራራ ላይ የሚያርስ ገበሬ ቅርስ ይባላል፣ አፍሪካ ውስጥ ግን አጥፊ ይባላል ነው ክርክሩ። መንግሥት በፈቃዳቸው ተነሡ ይላል፣ ብላንክ ተባረሩ ይላል። እኔ ሁለቱንም ካነበብኩ በኋላ ወደ ብላንክ አደላለሁ፤ ግን የአፈሩን ነገር አቃልሎታል ብዬም አስባለሁ። የአፈሩን የሚለካ ሰው ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ ነበር። ገብሱ ማን ቤት ምን እንደሚሆን የሚለካ አልነበረም። የአንዲት ሴት ብቅል ከየት ይመጣ እንደነበር በየትኛው ሪፖርት ይጻፋል?

ሂሳብ ከፍለን ወጣን። ልጁ ድንጋዩ ላይ ነው። እትዬ አልረሱትም ኖሯል፤ እጁ ላይ ኩባያ ይዟል፣ ቀሪቦ ነው፣ ከተቆላ ገብስ የሚሠራው የማያሰክረው።

«የግጭ ልጅ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«አዎ።»

«አራት ቀን አብረን ስንሄድ ምነው አልነገርከን?»

ትከሻውን ሰበቀ። «አልጠየቃችሁማ።»

ምን እንደምል አላወቅኩም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት፤ ለምን እንዳሳየሁት አሁንም አላውቅም፣ ምናልባት ንስሐ መስሎኝ ይሆናል። ከሥሩ የተጻፈውን ያንብብ አያንብብ አላስተዋልኩም። በሁለት ጣቱ ፎቶውን አሰፋው፣ ወደ ግራ ጎተተው፣ ሣሩ ውስጥ እኔ ድንጋይ ብቻ ያየሁበትን ክብ ነገር አገኘ።

«ይሄ አውድማችን ነው፤» አለ። ትንሽ ወደ ላይ ገፋው። «ቤታችን ከዚህ ኋላ ነበር፣ እዚህ ላይ አይታይም። ይሄ ቢጫው ሁሉ ገብስ ነበር።» ወደ እትዬ በር በአገጩ ጠቆመ። «የእሳቸው ነበር በያቸው። ግማሹን እሳቸው ናቸው የሚወስዱት።»

እትዬ ከውስጥ ሰምተው ሳቁ። «ውሸቱን ነው፤ ሩቡን!» አሉ።

ልጁ ስልኩን አወጣ። ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። «ላኪልኝ፤» አለኝ፣ «እኔ የዚህን ቦታ ፎቶ የለኝም።»

ብሉቱዝ ከፍተን ሁለታችንም አጥሩ ሥር ቆመን ጠበቅን። ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። በቅሎዋ የእትዬን አጥር ትበላለች፣ እሳቸው ከውስጥ ይጮሁባታል። ፎቶው ደረሰው፤ የጻፍኩት ግን አብሮ አይሄድም፣ ምስሉ ብቻ ነው የሚሄደው። እሱ ገና ስልኩን እያየ ሳለ እኔ የራሴ ላይ ያሉትን ሁለት ቃላት አጠፋሁ፤ በምትካቸው ምን እንደምጽፍ አስቤ አስቤ «ግጭ» ብዬ ተውኩት።